የሂሴን ሀብሬ የፍርድ ሂደት

የሂሴን ሀብሬ የፍርድ ሂደት እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1990 ቻድን የገዙት ፕሬዝዳንት እስረኞችን በማሰቃየትና በሌሎች ወንጀሎች ዳካር፣ ሴኔጋል ውስጥ የተዳኙበት ሂደት ነው። «ዲዲኤስ» የተባለው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ተጠሪነቱ በቀጥታ ለሀብሬ ነበር። በ2001 ንጃሜና ውስጥ የተገኙት የመሥሪያ ቤቱ ሰነዶች፣ ስለ 898 እስረኞች 1,265 መልእክቶች በቀጥታ እንደደረሷቸው አሳይተዋል። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» የሚል መከላከያ ማቅረብ አዳጋች ሆነ።

ሴኔጋል ጉዳዩን ለዓመታት ስላጓተተች፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2012 ወይ እንድትከሳቸው ወይ አሳልፋ እንድትሰጣቸው ወሰነ። ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው ልዩ ችሎት በሜይ 30 ቀን 2016 የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው። በ2017 የይግባኙ ችሎት ለተጎጂዎች ወደ 82 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ካሳ እንዲከፈል አዘዘ። ሀብሬ በ2021 ሲሞቱ ግን ካሳው ገና አልተከፈለም ነበር።