በባሕር ካርታዎች ጥግ ላይ የሚሰፍሩት ስሞች የእነማን ናቸው? ለምንስ ይጻፋሉ?

ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሁቲ ታጣቂዎች በቀይ ባሕር በሚያልፉ የንግድ መርከቦች ላይ የከፈቱት ጥቃት፣ የመርከብ መከታተያ ካርታዎችን የዕለት ተዕለት ዜና አካል አድርጓቸዋል። ገቢና ወጪ ንግዷ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ለሚያልፈው ኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነሩን የሚጠብቅ አስመጪ፣ ዕቃውን የጫነችው መርከብ የባብ ኤል ማንደብን ሰርጥ መሻገር አለመሻገሯን በእጅ ስልኩ መመልከት ይችላል።

በእነዚህ ካርታዎች የታችኛው ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደላት የተጻፈ አንድ መስመር ይገኛል። ጥቂት የድርጅቶችና የፕሮግራሞች ስሞች ተደርድረውበታል። አብዛኛው ተመልካች አያነበውም፤ ምስሉን ለቴሌቪዥን ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚቀዱ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ቆርጠው ይጥሉታል። ሆኖም ካርታው ከምን እንደተሠራና ለምን ዓይነት ሥራ እንደማይሆን ለማወቅ፣ ብዙውን ጊዜ ተመልካቹ ያለው መነሻ ያ መስመር ብቻ ነው።

አንድ ካርታ፣ ብዙ ባለቤቶች

በስክሪን ላይ እንደ አንድ ሥዕል የሚታየው የባሕር ካርታ፣ ከተለያዩ ቦታዎች የመጡ መረጃዎች ተደራርበው የሚሠሩት ነው።

የባሕር ዳርቻው፣ ወደቦቹና ከተሞቹ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በ2004 በብሪታኒያ ከተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ይህ የዓለም ካርታ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ሲሆን፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኦፕንሲማፕ የተባለ እህት ፕሮጀክት የመብራት ማማዎችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መንገድ ምልክቶችን ያሳይበታል። በምሥራቅ አፍሪካ የዚህ ሥራ ታዋቂ ምሳሌ በ2015 በዳሬሰላም የተጀመረው "ራማኒ ሁሪያ" ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ነዋሪዎች ለጎርፍ የተጋለጡ ሰፈሮችን በእግራቸው እየዞሩ መዝግበዋል። በካርታው ጥግ የሚጻፈው "የኦፕንስትሪትማፕ አስተዋጽኦ አድራጊዎች" የሚለው ሐረግ ማንንም በስም ሳይጠራ እነርሱንም ይጨምራል።

የመርከቦቹ አቀማመጥ የሚታወቀው ኤአይኤስ በተባለው ሥርዓት አማካይነት ነው። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የተሰማሩ 300 ግሮስ ቶን እና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ማንነታቸውንና ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ እንዲያሰራጩ ይገደዳሉ። ሥርዓቱ በመጀመሪያ የታሰበው መርከቦች እንዳይጋጩ ነበር። መረጃውን የሚሞላው ግን ራሱ መርከቡ ነው። በቀይ ባሕሩ ቀውስ ወቅት አንዳንድ መርከቦች መሣሪያውን ያጠፉ ሲሆን፣ ሌሎች ደግሞ መድረሻ ወደባቸው በሚጻፍበት ቦታ የታጠቁ ጠባቂዎች እንዳሏቸው ወይም ሠራተኞቻቸው ቻይናውያን እንደሆኑ ጽፈዋል። በዚህ የተነሳ ተመራማሪዎች ደመናንና ጨለማን አልፎ የሚያየውን የአውሮፓውያኑን ሴንቲኔል-1 ሳተላይት የራዳር ምስል ይጨምራሉ። ምስሉ በነጻ ይገኛል፤ የተጠቀመበት ሰው ግን ምንጩ የኮፐርኒከስ ፕሮግራም መሆኑንና የምስሉን ዓመት እንዲገልጽ ይጠበቅበታል።

ጥልቀቱን ማን ለካው?

ብዙ ክፍት የባሕር ካርታዎች ጥልቀትን የሚያሳየውን ሰማያዊ ቀለም የሚወስዱት ጌብኮ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ የተጀመረው በ1903 በሞናኮው ልዑል አልበርት ቀዳማዊ አማካይነት ነው። ዛሬ የሚመራው በዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅትና በዩኔስኮ ሥር ባለው የውቅያኖስ ኮሚሽን ነው።

ብሪታኒያ የምታሳትማቸው የመርከብ ካርታዎች በቅጂ መብት የተጠበቁና የሚሸጡ ስለሆኑ፣ በአካባቢው ነጻ የካርታ መሣሪያ መሥራት የሚፈልግ ሰው ወደ ጌብኮ መሄዱ አይቀርም። ዳታው በነጻ የሚወሰድ ሲሆን፣ ፕሮጀክቱ የሚጠይቀው ምንጩ እንዲጠቀስ ነው። ለመርከብ ጉዞና ለባሕር ላይ ደኅንነት እንዳይውልም በግልጽ ያስጠነቅቃል።

ማስጠንቀቂያው ለወግ የተጻፈ አይደለም። በቅርብ ዓመታት እትሞች ካርታው የተከፋፈለባቸው ካሬዎች በምድር ወገብ አካባቢ በየጎናቸው 460 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ እንዳሉት ያሉ ጠባብ የኮራል ድንጋዮች በአንድ ካሬ ውስጥ ሊሰወሩ ይችላሉ። ከዚህም በላይ፣ የብዙዎቹ ካሬዎች ጥልቀት በመርከብ የተለካ ሳይሆን ሳተላይቶች ከሚመዘግቡት የስበት ለውጥ የተገመተ ነው። በ2025 አጋማሽ ይፋ በሆነው አኃዝ መሠረት፣ በዘመናዊ መሣሪያ ተለክቶ የታወቀው የዓለም የባሕር ወለል 27.3 በመቶ ብቻ ነው።

የትኛው ካሬ እንደተለካና የትኛው እንደተገመተ የሚያሳይ ተጓዳኝ ሰነድ ጌብኮ ከካርታው ጋር ያወጣል። የጌብኮ ስም ከካርታው ጥግ ከጠፋ ግን ሰነዱ መኖሩን እንኳ የሚጠረጥር አይኖርም።

የሶማሊያና የኬንያ መስመር

የምንጭ ጉዳይ ፖለቲካ የሚሆነው ወሰን ላይ ነው። ሶማሊያ በ2014 ኬንያን በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ክርክሩ 100 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚገመት የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ኦክቶበር 12 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ ወደ ሶማሊያ ጥያቄ የሚቀርብ መስመር አሰመረ፤ ኬንያ ውሳኔውን አልቀበልም አለች።

በኢንተርኔት ካርታዎች ላይ የባሕር ወሰኖችን ለማስመር በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ማሪን ሪጅንስ የተሰኘው ዳታ ነው። የሚያዘጋጀው በቤልጂየም የሚገኘው የፍላንደርስ የባሕር ተቋም ሲሆን፣ ምንጩን የጠቀሰ ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል። የዚህ ዳታ 11ኛ እትም የወጣው በ2019 ነው፤ ማለትም ከፍርዱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። 12ኛው እትም የወጣው በ2023 ነው።

እንግዲህ የዓሣ ማስገሪያ መርከብ በማን ውኃ ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ካርታ ያየ አንባቢ፣ መስመሩ ከፍርዱ በፊት የተሰመረ ይሁን በኋላ ማወቅ የሚችለው የእትሙ ቁጥር ከተጻፈ ብቻ ነው። የተቋሙ ስም ብቻውን በቂ አይደለም።

ሶፍትዌርና ዳታ ይለያያሉ

ካርታውን በስክሪን ላይ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ በጥጉ የሚታየው "ሊፍሌት" የሚለው ስም፣ በ2011 በአንድ ዩክሬናዊ ባለሙያ ይፋ የተደረገ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ከ2022ቱ የሩሲያ ወረራ በኋላ ከስሙ ጎን ትንሽ የዩክሬን ባንዲራ ተጨምሯል።

የሊፍሌት ፈቃድ የሚያስገድደው የባለቤትነት ማስታወቂያው ከኮዱ ጋር አብሮ እንዲቆይ ነው፤ በካርታው ላይ ስሙን ማሳየት ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኦፕንስትሪትማፕ የዳታ ፈቃድ ግን ካርታውን የሚያይ ሰው ምንጩን እንዲያውቅ ያስገድዳል። አስገራሚው ነገር፣ ግዴታ ያልሆነው ስም ቀርቶ ግዴታው የተዘነጋባቸው ካርታዎች ማጋጠማቸው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሊፍሌት ስሙን በራሱ ይጽፋል፤ የዳታውን ምንጭ ግን ካርታውን የሚሠራው ሰው ማስገባት አለበት።

ስም መጥቀስ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። መርከበኞች የሚጠቀሙበት ኦፕንሲፒኤን የተሰኘው ፕሮግራም የሚሰራጨው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው። ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሌሎች የሚያሰራጭ ድርጅት የተሻሻለውን ኮድም አብሮ መስጠት ይኖርበታል።

ምንጩ ሳይጠቀስ ቢቀርስ?

አፕል በ2012 ለአይፎንና ለአይፓድ ባወጣው የፎቶ መተግበሪያ የኦፕንስትሪትማፕን ዳታ ምንጩን ሳይገልጽ መጠቀሙ ይፋ ከሆነ በኋላ ስሙን አስገብቷል። ኩባንያውን ያነቃው የበጎ ፈቃደኞቹ አቤቱታ ነበር።

በሕግ በኩል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2008 የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩ ከባሕር የራቀ ነበር፤ የአሻንጉሊት ባቡሮችን ለሚቆጣጠር ፕሮግራም የተጻፈ ኦፕን ሶርስ ኮድ ያለ ጸሐፊዎቹ ስም ተወስዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በነጻ የተሰጠ ሥራም ቢሆን የተሰጠበትን ቅድመ ሁኔታ መጣስ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል።

ለአዘጋጆች ሥራው ከባድ አይደለም። የዳታውን ስም፣ እትሙን ወይም ዓመቱን፣ ፈቃዱንና የተደረገበትን ለውጥ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ምስሉ በሚቆረጥበት የቴሌቪዥን ሥርጭት ደግሞ መስመሩ ከካርታው በታች እንደገና ይጻፋል። በአገር ውስጥ ሚዲያ የተለመደው "ምንጭ፦ ኢንተርኔት" የሚለው ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። ጌብኮ በየዓመቱ አዲስ እትም ሲያወጣ የቀደሙትን በማኅደር ስለሚያቆይ፣ ዓመቱ የተጻፈበትን ካርታ ቆይቶም ቢሆን ከተሠራበት ዳታ ጋር ማመሳከር ይቻላል።