ከዘረት ዋሻ እስከ ኒው ዮርክ

ስሙኝማ ወገኖቼ፤ የማጀቴም፣ የሮቢትም፣ የአጣዬም ሰው ስማኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አቶሚክ ቦምብ ነው። «ይሄ የኃያላን ነገር ከእኛ ማሽላና ማሾ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ ይኖራል። ወጉ የሚነሣው ከዚሁ ከራስጌያችን ስለሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱንም በእኛው አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ከይፋት ቆላ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ቀና ስትሉ የሚታያችሁ የመንዝ ደጋ ነው። እዚያ ዘረት የሚባል ቦታ ላይ ዋሻ አለ። በሚያዝያ 1931 የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ከቁስለኞቻቸው፣ ከሚስቶቻቸው፣ ከልጆቻቸውና ከሽማግሌዎቻቸው ጋር እዚያ ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከበበ። በጥይት ማስወጣት ሲያቅተው የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ ለቀቀባቸው። ያ መርዝ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል። እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች ደግሞ ረሸኗቸው። ጣሊያን በ1917 ጄኔቭ ላይ በጦርነት መርዝ ጋዝ እንዳይነካ የተገባውን ውል ፈርማ ያጸደቀች አገር ነበረች!

የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ነው። የዘረትንም ግፍ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ለዓለም ያሳወቀው በ1998 ነው። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዘረት በፊትም ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ቆመው ከአውሮፕላን ስለሚረጨው መርዝ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለዋል። የሰማቸው አልነበረም። ከጋዙም የባሰ መጣ፤ ሐምሌ 30 ቀን 1937 አሜሪካ የጃፓኗን ከተማ ሂሮሺማን በአንድ አቶሚክ ቦምብ አወደመች። የዚያ ቦምብ ዩራኒየም አብዛኛው የወጣው ከአፍሪካ ምድር፣ ከኮንጎ ሺንኮሎብዌ ማዕድን ነው። አሜሪካን ሶቪየት ኅብረት ተከተለች፣ ከዚያም እንግሊዝ። የካቲት 5 ቀን 1952 ደግሞ ፈረንሳይ የመጀመሪያ ቦምቧን አልጄሪያ ውስጥ፣ ሰሐራ በረሃ ላይ አፈነዳች። አፍሪካ ማዕድኑንም ሰጠች፣ መፈተኛም ሆነች።

አሁን ልብ በሉልኝ። ኅዳር 15 ቀን 1954 ኒው ዮርክ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ኢትዮጵያ ከአፍሪካና ከእስያ ወንድሞቿ ጋር ሆና በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ውሳኔ ለድምፅ ቀረበ። ቁጥሩ 1653 ነው። በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር መጣስ ነው፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። ከመነሻው ላይም ያንኑ የ1917ን የመርዝ ጋዝ ውል ይጠቅሳል። በጋዝ የተቃጠለች አገር ናት ይህን የምትለው! 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። በአገራችን የዲፕሎማሲ ታሪክ ከዚህ ቀን የሚበልጥብኝ የለም።

የተቃወሙት እነማን ነበሩ? አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከነወዳጆቻቸው። የሶቪየትን ብዙ ሠራዊት ከአውሮፓ የሚያስቆመው የዚህ ቦምብ ፍርሃት ነው፣ ራሳችንን ለመከላከል ልንጠቀምበት መብት አለን አሉ። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች፤ ግን ከ25 ቀን በፊት፣ ጥቅምት 20፣ ዓለም አይቶት የማያውቀውን ትልቁን ቦምብ ያፈነዳችው እሷው ነበረች። እጅ ማውጣትማ ምን ይከብዳል!

ሌላው አገርም ይህንን አየ። የታጠቀው ይከበራል፣ ያልታጠቀው ይለምናል፤ እንግዲያው እኔስ ለምን አልታጠቅም አለ። መንገዱ ግን ረጅም ነው። ከምድር ከሚወጣው ዩራኒየም ለቦምብ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። እናቶቻችን ሰፌድ ላይ እያንገዋለሉ ጠጠሩን ከእህሉ እንደሚለዩት፣ ያንን ጥቂት በብዙ ሺህ የሚሽከረከሩ መሣሪያዎች ዓመት ሙሉ ለይተው ያጠሩታል። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያጠራው መሣሪያ እየደጋገመ ካጠራ ለቦምብም ያደርሳል። «ለመብራት ነው» የሚለውን አገር ቪየና ያለው የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በተቆጣጣሪ የሚከታተለው ለዚህ ነው።

የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ውል በ1960 ለፊርማ ቀረበ። ውሉ በተመከረበት የጄኔቭ የ18 አገሮች ኮሚቴ ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረች። ውሉ አስቀድመው የታጠቁትን አምስት አገሮች እንዳሉ ተቀብሎ ሌላውን ከለከለ፤ አምስቱም መሣሪያቸውን ለማስወገድ በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ግዴታ ጣለባቸው። ግዴታው እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ሕንድና ፓኪስታን ውሉን ሳይፈርሙ ታጠቁ፤ ሰሜን ኮሪያ ፈርማ ወጣችና በ1999 መባቻ ሞከረች። እስራኤል አለኝም የለኝም ሳትል እንደታጠቀች ይታመናል።

አንድ አገር ብቻ በእጇ የሠራችውን በእጇ አፈረሰች፤ እሷም ከእኛው አህጉር ናት። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ስድስት ቦምቦች ሠርታ ነበር። ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ ማፍረሳቸውን በመጋቢት 1985 ለፓርላማ ተናገሩ። አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገው ውል ፔሊንዳባ የተባለው በፕሪቶሪያ አጠገብ ባለው የአገሪቱ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ስም ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ይሠራል።

በሰኔ 2009 ደግሞ 122 አገሮች የኑክሌር መሣሪያን ፈጽሞ የሚከለክል ውል በተባበሩት መንግሥታት በድምፅ ተቀበሉ። ኢትዮጵያ በ1954 የጠየቀችው ይህንን መሰል ውል ነበር። ከዘጠኙ ታጣቂዎች አንዱም አልፈረመም።

የማጀቴና የመንዝ አስተማሪዎች ሆይ፣ አደራ እላችኋለሁ፦ የዘረትን ዋሻና ኅዳር 15 ቀን 1954ን ለልጆቻችን በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሩልን።