ብርኩታ

ብርኩታ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ተጠቅልሎ ፍም ላይ የሚጋገር የዳቦ ዓይነት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎችና በኤርትራ ይታወቃል። ምጣድ ስለማይፈልግ የእረኛ፣ የሲራራ ነጋዴና የዘማች ምግብ ሆኖ ኖሯል።

አሠራር

ዱቄቱ የስንዴ፣ የገብስ ወይም የማሽላ ሊሆን ይችላል። ሊጡ ጠንከር ተደርጎ ይቦካል። ለስላሳ ድቡልቡል ድንጋይ ታጥቦ እሳት ውስጥ ይግላል፤ እርጥበት የያዘ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ስለሚችል ደረቁ ይመረጣል። የጋለው ድንጋይ በሊጡ መካከል ይደረግና ሊጡ ይደፈንበታል፤ ከዚያም ፍም ላይ እየተገላበጠ ይበስላል። ሙቀቱ ከውስጥም ከውጭም ስለሚመጣ ወፍራሙ ሊጥ መሐሉ ጥሬ ሆኖ አይቀርም። ሲበስል አመዱ ይራገፋል፣ ዳቦው ተፈልጦም ድንጋዩ ይወጣል። በአውሮፓው ፓይ ቅርፊቱ የሚሠራው በውስጡ ላለው ሥጋ ወይም ፍራፍሬ ነው፤ በብርኩታ ግን የሚበላው ቅርፊቱ ብቻ ነው።

መንገድና ዘመቻ

የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው ከሚሸጥባቸው ትላልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ጨው ጭኖ ለብዙ ቀናት የሚጓዝ ነጋዴ ዱቄት እንጂ ምጣድ አይሸከምም። ዘማችም እንዲሁ ስንቁን ይዞ ይወጣ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመቱት መካከል በዋግሹም ጓንጉል የሚመራው የዋግ ጦር ይገኝበታል። መኳንንቱን ተከትለው እህል የሚፈጩና እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ይዘምቱ ነበር፤ ብርኩታ አገልጋይ የሌለው ተራ ወታደር ለራሱ የሚጋግረው ነው።

ሙልሙልና የእረኞች አፈ ታሪክ

ለእረኛ የሚሰጠው ሌላው ዳቦ ሙልሙል ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው ቡሄ (ደብረ ታቦር) ጭራፍ እያጮኹና እየጨፈሩ ለሚመጡ ልጆች ይታደላል። በአፈ ታሪኩ መሠረት በደብረ ታቦር የታየው ብርሃን ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞች ሳይመለሱ በሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው። «ቡሄ» የሚለውን ስም ከ«ብራ» ወይም ከ«ቡኮ» (ሊጥ) ጋር የሚያያይዙ አሉ። በዋግ ከቡሄ ቀጥሎ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የልጃገረዶች ጨዋታ ሻደይ ይከበራል።

ነሐሴ አዲሱ እህል ያልደረሰበት፣ የአምናው ደግሞ ከጎተራ የሚያልቅበት ወር ነው። ስለዚህ የሙልሙል ስጦታ ቀላል አይደለም፤ እንደ ዋግ ባለ ዝናብ አጠር አካባቢ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሰቆጣ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያወጣው ዕቅድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዳቦ ሆድ ቢሞላም ለሕፃን ዕድገት ብቻውን አይበቃም፤ ጥራጥሬ፣ ወተትና እንቁላል ያስፈልጉታል።