በወረራው ዘመን የኢትዮጵያ የጉባኤ ወንበር ያስነሣው የዲፕሎማሲ ክርክር

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ከጦር ሜዳው ትግል ጎን ለጎን የተካሄደው የዲፕሎማሲ ጥረት፣ አገሪቱ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ያላት መብት እንዳይፋቅ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው።

ኢትዮጵያ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ በመባል ይታወቅ የነበረውን የዓለም መንግሥታት ማኅበር የተቀላቀለችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም ነው። የዚሁ ማኅበር አባል የነበረችው ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ወረራዋን ጀመረች። በደቡብ ግንባር በጄኔራል ግራዚያኒ የተመራው ጦር በገናሌ ዶርያ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም ነገሌ ቦረናን ያዘ። አዲስ አበባም ሚያዝያ 27 ቀን በጠላት እጅ ወደቀች።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ጄኔቭ ላይ ለማኅበሩ ጉባኤ አቤቱታቸውን አሰሙ። ይሁን እንጂ ጉባኤው በዚያው ሳምንት በኢጣሊያ ላይ የተጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ።

ዋናው የወንበር ክርክር የተነሣው በመስከረም 1929 ዓ.ም በተከፈተው ጉባኤ ላይ ነበር። ኢጣሊያ ወደ ጉባኤው የምትመለሰው የኢትዮጵያ ልዑካን ካልተገኙ ብቻ መሆኑን አስታወቀች። የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ጆሴፍ አቬኖልም አስቀድመው ወደ ሮም በመሄድ ከኢጣሊያ ባለሥልጣናት ጋር ተነጋግረው ነበር። ጉዳዩ ለውክልና ደብዳቤ መርማሪ ኮሚቴ ሲቀርብ፣ ኮሚቴው የተጠየቀው ከአገር ውጭ ያለ ርእሰ ብሔር የሰጠው የውክልና ደብዳቤ ሕጋዊ ዋጋ ይኖረው እንደሆነ ነው።

በወቅቱ አገሪቱ ሙሉ በሙሉ አልተያዘችም ነበር። በምዕራብ የጎሬው አስተዳደር ገና አልፈረሰም፤ ራስ ደስታም በሲዳሞ ውጊያውን ቀጥለው ነበር። ኮሚቴው ጥርጣሬ እንዳለው ሳይሸሽግ፣ ጥርጣሬው ለኢትዮጵያ ጥቅም እንዲተረጎም በማድረግ ልዑካኑ በዚያ ጉባኤ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀረበ። ጉባኤውም መስከረም 13 ቀን 1929 ዓ.ም በ39 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ6 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው። በወረራ የአባልነት ወንበር የሚታጣ ከሆነ የራሳቸውም ደኅንነት አስተማማኝ እንደማይሆን ለትናንሽ አገሮች ግልጽ ነበር። ኢጣሊያ ከጉባኤው ቀረች፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 1930 ዓ.ም ደግሞ ከማኅበሩ መውጣቷን አስታወቀች።

ውሳኔው ለአንድ ጉባኤ ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ጥያቄው በዚያ አላበቃም። በግንቦት 1930 ዓ.ም ብሪታንያ አባል አገሮች የኢጣሊያን ይዞታ በማወቅ ወይም ባለማወቅ ረገድ በየራሳቸው እንዲወስኑ ለማኅበሩ ምክር ቤት ሐሳብ አቀረበች። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የኢትዮጵያን መቃወሚያ በንባብ ያሰሙት ሎሬንዞ ታእዛዝ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና፣ ኒውዚላንድና ቦሊቪያ ሐሳቡን ተቃወሙ። አሜሪካና ሜክሲኮም ወረራውን ሕጋዊ አድርገው ሳይቀበሉ ቆይተዋል።

የእነዚህ ዓመታት ጥረት ውጤት የታየው ከነጻነት በኋላ ነው። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም በሳንፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መሥራች አባል ሆነች። በ1938 ዓ.ም በተከፈተው የፓሪስ የሰላም ጉባኤም ተካፋይ ነበረች፤ ልዑካኑን የመሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው።

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነትና ነጻነት አውቃ፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። የውሉ አንቀጽ 38 ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ለፈጸመችው ድርጊት ኃላፊነቷ የሚቆጠረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተነሣበት ዕለት ሳይሆን ወረራው ከተጀመረበት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም አንሥቶ መሆኑን ይደነግጋል። ነገሌ ቦረና በተያዘችበት ዓመት የደረሰው በደልም በዚሁ ድንጋጌ ከተጠያቂነት ሳያመልጥ ቀርቷል።