የአሮጌው ሣጥን ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል በምትባለው ከተማ፣ በአንዲት መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ የእንጨት ሣጥን ተቀመጠ። በውስጡ ከሱቅ የተገዛ ተራ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረበት፤ ሳንቲም የጨመረበት ሰው በመስኮቱ ላይ የብርሃን ኳስ ይለጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሣሪያው ተበላሽቷል ተብሎ የተጠራው መሐንዲስ አላን አልኮርን ሣጥኑን ቢከፍት፣ የብልሽቱ ምክንያት የሳንቲም መያዣው ከአፍ እስከ ገደፉ መሙላቱ ሆኖ ተገኘ። ፖንግ የተባለው የአታሪ ኩባንያ ጨዋታ ታሪክ ሲነገር ይህ ሁልጊዜ ይነሣል። የድምፁ ታሪክ ግን እምብዛም አይነሣም። የኩባንያው መሥራቾች የተመልካች ሆታ እንዲሰማ ይሹ ነበር። አልኮርን ለዚህ የሚሆን ዕቃም ቦታም አልነበረውም። ስለዚህ ለሥዕሉ ሥርዓት ሲባል ቀድሞ የተሠራውን ሰርኪዩት እየነካካ ፈተሸና፣ እዚያው ውስጥ ተደብቆ የነበረ አንድ አጭር ድምፅ አገኘ። የዓለም ሕዝብ የሚያውቀው የፖንግ ድምፅ ይኸው ነው፤ ከችግር የተወለደ ድምፅ።

ከዚያ በፊትም ሳንቲም እየዋጠ የሚጮህ ሣጥን አልጠፋም ነበር። በአሜሪካ መጠጥ ቤቶች የሙዚቃ ሸክላ የሚያጫውተው ሣጥን ለብዙ ዓመታት ነግሦ ኖሯል፤ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የቺካጎው ሮክ ኦላ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. ናይብለር የተባለ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ሣጥኖች ጠባይ የተለያየ ነው። በሙዚቃው ሣጥን የሚሸጠው ሸቀጥ ድምፁ ነው። በጨዋታው ሣጥን ግን ድምፅ የሚሸጥ ሳይሆን ገዢ የሚጠራ ነው፤ ለሚጠራ ደግሞ ጥራት ሳይሆን ጉልበት ይበቃዋል። ባለ ብዙ ሣጥን አዳራሽ ውስጥ እንደ ገበያ ውሎ ሁሉም በአንድነት ስለሚጮኽ፣ ለአብዛኞቹ አንድ የወረቀት ሾጣጣ ያለው ርካሽ ስፒከር በቂ ሆኖ ተቈጠረ።

ይህን ድህነት ወደ ኪነ ጥበብ ከለወጡት ሥራዎች ግንባር ቀደሙ ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለታይቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ያዘጋጀው ስፔስ ኢንቬደርስ ነው። ከሰማይ በረድፍ የሚወርዱ ወራሪዎች አሉ፤ ከእርምጃቸው ጋር አራት ወፍራም ድምፆች ወደ ታች እየወረዱ ይደጋገማሉ። ተጫዋቹ ወራሪዎቹን ባጠፋ ቁጥር ኮምፒዩተሩ የሚሥለው ነገር ይቀንስለታል፤ ስለዚህ የቀሩት ይፈጥናሉ፤ አራቱ ድምፆችም አብረው ይፈጥናሉ። ድል በቀረበ መጠን ጭንቀቱ ይበረታል። ይህ በቴያትር ቤት ለመድረክ ሰዎች የታወቀ ሕግ ነው፤ እዚህ ግን አንድ ፍጻሜ የሚጻፍለት ደራሲ የለም፤ ትርታውን የሚያፋጥነው የተጫዋቹ የራሱ እጅ ነው። እነዚህ ድምፆች ከተቀረጸ ሙዚቃ የመጡ አይደሉም፤ ለየብቻ በተሠሩ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቶች የሚፈጠሩ ናቸው። ወደ ጆሮ የሚደርሱትም በወረቀት ሾጣጣ ተንቀጥቅጠው፣ በእንጨት ሣጥን አስተጋብተው ነው። መሰንቆን ከቆዳውና ከገበቴው ነጥሎ ጭራውን ብቻ መስማት እንደማይቻል ሁሉ፣ የዚህም ዜማ መሣሪያው ሣጥኑ በሙሉ ነው።

እነሆ ሣጥኖቹ አረጁ። ወረቀቱ ይደርቃል፣ ይቀደዳል፤ ጠርዙ ይበሰብሳል፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ውስጣቸው ይደርቅና ድምፁ ይደክማል፣ ወይም ማጓራት ያመጣል። የሚጠግነው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በስፒከሩ ላይ ይጥላል። አዲስ፣ ውድና ኃይለኛ ስፒከር ገዝቶ ሲያስገባም አዲስ ጣጣ ይከተለዋል። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከቀድሞው ያነሰ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ8 ኦም ፈንታ 4 ኦም ቢገባ፣ ብዙ ኃይል ስለሚስብ አሮጌውን አምፕሊፋየር ሊያቃጥል ይችላል። ማግኔቱ ያልተከለለ ከሆነ ደግሞ በቀለም ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚጓዘውን የኤሌክትሮን ጨረር ያጣምምና የሥዕሉን ማዕዘን አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ያደርገዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ትልቁን ስፒከር ለማስገባት እንጨቱን በመጋዝ መቁረጥ ነው። የተቃጠለ አምፕሊፋየር ይተካል፤ የተቆረጠ ሣጥን አይመለስም።

ጥንቃቄ ቢደረግም እንኳ ሌላ ነገር ይገጥማል። ቀጭን ድምፅን አጥርቶ የሚያወጣ ዘመናዊ ስፒከር፣ አሮጌው ወረቀት ያለዝበው የነበረውን ስለት ሁሉ አውጥቶ ይሰጣል። ድምፁ ጠራ፤ ግን ሻከረ። እንደ ነበረ ይቈይ የሚሉት ወገኖች በዚህ ይረታሉ። ነገር ግን የእነርሱም ክርክር ቀዳዳ አለበት፤ ዛሬ የሚንጣጣው የተቀደደ ወረቀት የ1978ቱ ድምፅ አይደለምና። እርጅናን ጠብቆ ማቆየት ሥራውን ጠብቆ ከማቆየት ጋር አንድ ተደርጎ መቈጠር የለበትም።

ፍርዱ ከእያንዳንዱ ሥራ ባሕርይ ሊመነጭ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የወጣው የአታሪው ማርብል ማድነስ በያማሃ የድምፅ ቺፕ የሚጫወት፣ ግራና ቀኙ የተለየ ሙዚቃ አለው፤ ብራድ ፉለርና ሃል ካኖን የደረሱት ይህ ሙዚቃ በጥሩ ስፒከር ቢደመጥ አይበደልም። ስፔስ ኢንቬደርስን ግን ለሁለት ከፍሎ በግራና በቀኝ ማስጮህ ደራሲው ያላሰበውን በስሙ መናገር ነው። ለእርሱ የሚበጀው በመጀመሪያ ካፓሲተሮቹን ማደስ፣ ቀጥሎ የራሱን ስፒከር ሾጣጣ በአዲስ ወረቀት ማስለወጥ፣ ይህ ካልሆነ በስፋቱም በተቃውሞውም የሚመሳሰለውን ወረቀት ሾጣጣ ስፒከር በነባሮቹ ቡሎኖች ማሰር ነው። የወጣው አሮጌ ስፒከርም አይጣልም፤ ተጠቅልሎ፣ የተነሣበት ቀን ተጽፎበት፣ በዚያው ሣጥን ወለል ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ጠጋኙ የኋላውን በር ዘግቶ፣ ተጫዋች በሚቆምበት ቦታ ቆሞ፣ ሳንቲም ይጨምራል። አራቱን ድምፆች፣ አንድ ወራሪ ብቻ እስኪቀር ድረስ ያዳምጣቸዋል።