የሴቶች ታሪክ በሲኒማ፤ በናይሮቢና በአዲስ አበባ

የሴት ልጅ መማር ለአንድ አገር ምን ፍሬ እንዳስገኘ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤቶችን መዝገብ ይመረምራል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን የሲኒማውን ታሪክ ቢመረምር ሌላ ምስክር ያገኛል። ሴት በሲኒማ ሸራ ላይ መታየቷ አንድ ነገር ነው፤ ታሪኳን ራሷ መናገሯ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል ያሻገረው ድልድይ ትምህርት ቤት መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከናይሮቢ ከተማ መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወጡ፣ በሞምባሳ መንገድ አጠገብ ሳውዝ ቢና ሳውዝ ሲ የተባሉ ጎረቤታሞች ሰፈሮች ይገኛሉ። ለሳውዝ ሲ ሕዝብ ቅርብ በሆነው በሳውዝ ቢ የኬንያ የብዙኃን መገናኛ ተቋም አለ። ይህ ተቋም በአውሮጳ አቆጣጠር በ1961 ሲመሠረት የራዲዮ ሥራ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር፤ በኋላ ግን የፊልም ሥራ ትምህርት ተጨመረበት። ለምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች የካሜራውን በር ከከፈቱት ቤቶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ አስቀድሞ የኬንያን ምድር በፊልም የሚያነሡት በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውና ሰባት የኦስካር ሽልማት ያገኘው «አውት ኦፍ አፍሪካ» የተባለው ፊልም ዋና ባለታሪኳ ሴት መሆኗ እውነት ነው። ሆኖም ባለታሪኳ ዴንማርካዊቱ ካረን ብሊክሰን ነበረች፤ የአገሩ ሴቶች ግን ከተራራውና ከቡናው ተክል ጋር ለዓይን ማረፊያ ሆነው ከመታየት በቀር የራሳቸው የሆነ ታሪክ አልተነገረላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ግን ከላይ በተጠቀሰው ተቋም የተማሩት አን ሙንጋይ «ሳይካቲ» የተባለውን ፊልም አዘጋጅተው አቀረቡ። ረጅም የታሪክ ፊልም በማዘጋጀት ከኬንያ ሴቶች የመጀመሪያዋ እርሳቸው ናቸው። ሳይካቲ መማር የምትፈልግ የማሳይ ልጅ ናት፤ ቤተ ሰቧ ግን ለአለቃው ልጅ ሊድሯት ያስባሉ። እርስዋም ከጋብቻው ሸሽታ፣ የተሻለ ኑሮ አገኛለሁ ብላ ዘመዷን ተከትላ ናይሮቢ ትገባለች። በደረሰች ጊዜ ግን ዘመዷ የምትኖረው ገላዋን በመሸጥ እንደ ሆነ ትረዳለች። እንግዲህ የመጀመሪያው የኬንያዊት ፊልም የተናገረው ስለ ዕውቅ ጀግና ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን፣ ትምህርቷ ሊቋረጥባት ስለ ነበረች ስለ አንዲት ልጃገረድ ነው። ከእርሳቸውም በኋላ ዋኑሪ ካሂዩ እ.ኤ.አ. በ2008 «ፍሮም ኤ ዊስፐር»ን፣ ጁዲ ኪቢንጌ በ2013 «ሰምቲንግ ነሰሰሪ»ን አቀረቡ። ይህ ሁለተኛው ፊልም ከ2007 ምርጫ በኋላ በደረሰው ሁከት ቤቷ የፈረሰባት ሴት ኑሮዋን እንደ ገና ለማቆም የምታደርገውን ትግል ያሳያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም የታሪክ ፊልም በሴት ስም የተጠራ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ነው። በ1980ዎቹም የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ተከተለ። አዘጋጆቹ ግን ወንዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ፊልም አርእስት ራሱ ስለ ሂሩት የጠየቀው ማን እንደ ሆነች ሳይሆን አባቷ ማን እንደ ሆነ ነው።

ሃምሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» ሌላ ሂሩት አቀረበልን። ይህችኛዋ የ14 ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ፣ ራሷን ለማዳን ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ የቀረበች ናት። ነገሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ በእውነት ከደረሰ ታሪክ የተወሰደ ነው፤ ለልጅቱ የቆሙላት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱም በነጻ ለቀቃት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ያገባ እንደ ሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ይህን መሸሸጊያ አስቀረ። «ድፍረት» የተባለው ቃል በቋንቋችን ጀግንነትንም መደፈርንም የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ የልጅቱን ጥቃትና የልጅቱን ልብ በአንድ አርእስት አስሮ ይዞታል።

ይህም ፊልም ቢሆን አዘጋጁ ወንድ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው አይቀንስም። በካሜራው ጀርባ የቆሙ ኢትዮጵያውያት ግን አልጠፉም። በአሜሪካ በዌልስሊ ኮሌጅ ያስተማሩት ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 «ስደት» በተባለው ዘጋቢ ፊልማቸው በሱዳን የተሰደዱ ሴቶች ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ አድርገዋል። በአገር ቤትም በ2000ዎቹ ዓ.ም. ቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ን አዘጋጅተዋል።

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ስናያቸው ልባችንን የሚነካ ነገር እናገኛለን። የሳይካቲም የሂሩትም መከራ በትምህርታቸው መንገድ ላይ ተጋርጦ የቆመ ነው። የሳይካቲን ታሪክ በፊልም ያነሡት ግን የትምህርት ቤቱ በር ያልተዘጋባቸው ሴት ናቸው፤ ለሂሩትም በፍርድ ቤት የቆሙላት ሕግ የተማሩ ሴት ናቸው። አንዲት ልጅ ከክፍል በቀረች ጊዜ የሚጎድለው እንግዲህ የአንድ ተማሪ ስም ብቻ አይደለም፤ ምናልባት ለሌሎች ልትናገርላቸው ትችል የነበረችው አንደበት ጭምር ነው።

ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ስም ስትጠራ «የለችም» የሚል መልስ ብትሰማ፣ ምልክት አድርገህ ብቻ አትለፍ፤ የት እንደ ሄደች ጠይቅ። በትምህርት ቤትህ ሚኒ ሚዲያ ውስጥም ድምፅ ማጉያውን ወይም ካሜራውን የያዘው ማን እንደ ሆነ ተመልከት። ልጃገረዶቹ የሌላ ሰው ጽሑፍ አንባቢዎች ብቻ ሆነው እንደ ሆነ፣ ጽሑፉንም እነርሱ እንዲጽፉት አድርግ። በሳውዝ ሲ ጎረቤት ያለው ተቋም ለአን ሙንጋይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያውን በእጃቸው ሰጥቶ አሠራሩን አስተማራቸው፤ የቀረውን እርሳቸው ጨመሩበት።