ከወሰኑ ግራና ቀኝ፤ ሂስቶግራምን ስለ ማንበብ

ሂስቶግራም የሚመለከት ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ከረጅሙ ዓምድ ላይ ነው። ሊኖር ሲገባው የጎደለውን መፈለግ ግን ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል። ካርል ፒርሰን ለሥዕሉ ስም ከማውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ቤልጂጋዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ (1796-1874) ይህን በሰንጠረዥ አሳይቶ ነበር።

ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1846 በደብዳቤ መልክ ባሳተመው መጽሐፍ የ100,000 ፈረንሣውያን ምልምሎችን ቁመት መርምሯል። መረጃው በተሰበሰበበት ዘመን ቁመቱ ከ1.570 ሜትር ያነሰ ወጣት ከውትድርና ግዳጅ ነፃ ይሆን ነበር። ኬትሌ ቁመቶቹን 27 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው መደቦች ከፋፈለ፤ ይህም የጥንቱ የፈረንሣይ ኢንች መጠን ነው። ከዚያም በየመደቡ ሊገኝ የሚገባውን ብዛት በደወል መሰሉ የሥርጭት ሕግ አሰላ። ከወሰኑ በታች በስሌቱ 26,345 ሰዎች ሊገኙ ሲገባ 28,620 ተመዝግበው ነበር፤ ትርፉ 2,275 ነው። ከወሰኑ በላይ ባለው መደብ ግን በ13,182 ፈንታ 11,580፣ በሚቀጥለው በ14,502 ፈንታ 13,990 ብቻ ተገኙ። የሁለቱ ጉድለት 2,114 ይሆናል፤ ከትርፉ ብዙም አይርቅም።

ተፈጥሮ የሕግ አንቀጽ አታውቅምና ኬትሌ ነገሩን የማጭበርበር ውጤት አድርጎ ወሰደው። ጉልበቱን ሸብረክ ያደረገው ወጣቱ ይሁን ዓይቶ እንዳላየ ያለፈው ለኪው፣ ቁጥሩ አይለይም።

ሰንጠረዡን በሥዕል ማውጣት የሚሻ ግን ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው መደብ የታች ወሰን ስለሌለው፣ 28,620ን እንደ ሌሎቹ በአንድ ኢንች ስፋት ላይ ቢያቆመው የሌለ ተራራ ይፈጥራል። በሂስቶግራም ብዛትን የሚወክለው የዓምዱ ከፍታ ብቻ ሳይሆን የከፍታውና የስፋቱ ብዜት ነው።

አሜሪካዊው የጥራት ቁጥጥር ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ተመሳሳይ ነገር ከፋብሪካ ጽፏል። የ500 የብረት ዘንጎች ውፍረት ተለክቶ ነበር፤ ከ1 ሴንቲሜትር የቀጠነ ዘንግ በመቀመጫው ስለሚላላ ይጣላል። በሥዕሉ ላይ ከወሰኑ ዝቅ ብሎ ያለው ስፍራ ባዶ ሲሆን፣ በወሰኑ ላይ ያለው ዓምድ ያለ ልክ ረዝሞ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ በጥቂቱ የቀጠኑትን ደህና ናቸው ብለው ያሳልፉ ኖሯል። አመዘጋገቡ ሲታረም ባዶው ስፍራ ሞላ፤ ጉድለት ያለባቸው ዘንጎች ብዙ መሆናቸውም ታወቀ። የስሕተቱ ምንጭ የማሽኑ አስተካከል ሆኖ ተገኘ፤ እርሱ ሲታረም ችግሩ በአብዛኛው ተወገደ።